ቅባት የጠገበ ሞተር በቤት ሲታጠብ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ኮፈን ተከፍቶ ቅባትና አቧራ የተለሰነበት ሞተር ሲታይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ውሃ ጎማ ነው። ሞተር ግን በአብዛኛው የሚጸዳው በመፋቂያ፣ በቡሩሽና በጨርቅ ነው፤ ውሃ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በትንሹ ነው የሚመጣው። ከደረሱን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አጣምረን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። ሞተሯ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ጥቁር ቅባት አለ። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ላጥባት አስባለሁ፤ ግን ውሃ ነክቷት «አልነሳም» ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን ላድርግ?
— የመጀመሪያ መኪናዋን የገዛች አንባቢ

መልስ፦ ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ሞተር ከታጠበ በኋላ አልነሳም የሚለው በአብዛኛው ውሃው የማይገባበት ቦታ ስለገባ እንጂ ሞተሩ በመታጠቡ ብቻ አይደለም። ሥራው ከነማድረቂያው ግማሽ ቀን ይወስዳል ብለው ያስቡ። ጠዋት ቢጀምሩት ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ የማድረቁን ሥራ ያግዝዎታል። ቦታው ደልዳላና አየር የሚዘዋወርበት ይሁን፤ በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሞክሩት።

ሞተሩ ለብ ያለ መሆን አለበት። ለአምስት ደቂቃ ያህል አስነስተው ያጥፉትና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ያለውን የቫልቭ ክዳን በእጅዎ ሲነኩት ሳያቃጥል እጅዎን ማሳረፍ እስኪችሉ ይጠብቁ። ፍጹም ከቀዘቀዘ ቅባቱ ደርቆ አልለቅም ይላል። ከጋለ ደግሞ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳይሠራ ይተንናል፣ የረጨው ሰው በእንፋሎት ይቃጠላል፣ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራው የጭስ ማውጫ ማኒፎልድም (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቱቦ) ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቁልፉን ከመኪናው ያውጡ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱ። ብዙውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታዋል። ኔጋቲቩ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው፦ ፖዘቲቩን ሲፈቱ በእጅዎ የያዙት ቁልፍ ድንገት የመኪናውን አካል ቢነካ ባትሪው በሙሉ ኃይሉ በቁልፉ በኩል ይፈሳል፤ ብልጭታው ባትሪ ላይ ካለ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ባትሪ ሊያፈነዳ ይችላል። ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን ያ ንክኪ ምንም አያመጣም። ሲገጥሙ በተቃራኒው ኔጋቲቩ መጨረሻ ይገጠማል። አንዳንድ መኪና ባትሪው ሲፈታ የሬዲዮውን ኮድ ይጠይቃል፣ የመስኮቱን አንድ ጊዜ ተጭኖ መዝጊያም ይረሳል፤ ኮዱን አስቀድመው ይያዙ።

ቀጥሎ መሸፈን ነው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዲናሞውን፣ የፊውዝ ሳጥኑን፣ ቦቢናዎቹን (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ወይም የካንዴላ ሽቦዎቹን፣ ኮምፒውተሩ ኮፈን ሥር ከሆነ እሱንም፣ ወፈር ባለ ፌስታል ጠቅልለው በላስቲክ ወይም በፕላስተር ይሰሩ። ካርቡሬተርና ዲስትሪቢውተር ያለው አሮጌ ሞተር ከሆነ ሁለቱም ይጠቀለሉ። የአየር ፊልትሮው ቤት በቦታው እንደታሰረ ይቆይ፤ አየር የሚስብበትን አፍ ግን በፌስታል ይዝጉ። በዚያ በኩል የገባ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከደረሰ ፒስተን ሊጨምቀው አይችልም፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና የሚታጠፈው የፒስተን ዘንግ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን መጥበቁን፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ እስከ መጨረሻው መግባቱን፣ የፍሬን ዘይትና የመሪ ዘይት ክዳኖች መታሰራቸውን ያረጋግጡ። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ውሃ የገባበት የፍሬን ዘይት ደግሞ ሲግል እንፋሎት ፈጥሮ ፍሬን ያሳጣል።

አሁን ደረቁን ሥራ ይጀምሩ። ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ወይም ትሪ ያንጥፉ። ወፍራም ቅባት የሚገኘው ከቫልቭ ክዳኑ ጠርዝ በታች፣ በዘይት ፊልትሮው ዙሪያ፣ በሞተሩ መያዣ ክንዶች ላይና ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ጥግ ነው። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ እየፋቁ ካርቶኑ ላይ ያውርዱት። ካቻቢቴ ወይም ቢላዋ አይጠቀሙ፦ አሉሚኒየሙን ይጭረዋል፣ የጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ ያለ ማተሚያ) ጠርዝ ይነክሳል፣ የተሸፈነ ሽቦም ይልጣል። በዚህ ደረጃ በደንብ የሠራ ሰው ከቆሻሻው ትልቁን ክፍል ያለ አንድ ጠብታ ውሃ አስወግዷል። ከንፋስ መከላከያው መስታወት ሥር ያለውን ቅጠልና ፍርፋሪም ያውጡ፤ የውሃ መውረጃዋን ቀዳዳ የሚደፍናት እሱ ነው።

ለማጠቢያ የሚሆነው በውሃ የሚበጠበጥ ዲግሪዘር (ቅባት የሚያለቅቅ ማጽጃ) ነው። ዕቃው ላይ «ለአሉሚኒየም የሚስማማ» ወይም በዚያው ትርጉም የተጻፈ ነገር መኖሩን ያንብቡ፤ የመበጥበጫ ልኩንም ከዚያው ይውሰዱ። ለአንድ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በመርጫ ጠርሙስ የተበጠበጠ 1 ሊትር ያህል ይበቃል። ቆሻሻው ቀላል ከሆነ 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሮ መሥራት ይቻላል፤ አቧራና ስስ ቅባት ያነሳል፣ የተጋገረውን ግን አይችለውም። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ከላይ የተመታ ቡሩሽ የሚረጨው ወደ ፊት ነው።

ፈሳሹን ከታች ወደ ላይ ይርጩ፤ ከላይ ከተጀመረ እየወረደ ደረቁ ቆሻሻ ላይ መስመር ይሠራል። ሞተሩን በልብዎ አራት ቦታ ከፍለው አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይለፉ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ፤ ሊደርቅ ሲል ትንሽ ይጨምሩበት። ደርቆ የቀረ ዲግሪዘር ነጭ እድፍ ይተዋል፣ የነካውን ብረትም ሊበላ ይችላል። ረጅም እጀታ ያለው ቡሩሽ ለሰፊው ቦታ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለብሎን ራሶችና ለጠባብ ጎድጓዳ ይበጃል። በሽቦ ሶኬቶችና በሴንሰሮች ዙሪያ መርጨቱን ይተዉት፤ ጨርቁን በፈሳሹ አርጥበው ይጥረጉ።

ለማጠብ ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ በቂ ነው። በእጅ የሚነፋ መርጫ ወይም አፉ ብዙ ቀዳዳ ያለው የአትክልት ማጠጫ ይጠቀሙ፤ አሁን ከላይ ወደ ታች ነው። ውሃው በሶኬትና በዲናሞ ላይ ሳይሆን በብረቱ ላይ ይውረድ። የሚወርደው ውሃ አረፋ አልባ እስኪሆን ካጠቡ አበቃ። የሚያንጸባርቅ ሞተር ፍለጋ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ውሃ የሚያፈስ ሰው ነው ችግር የሚያመጣው።

ፌስታሎቹን ሲያነሱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በእጥፋታቸው ውስጥ ውሃ ያቁራሉ። ላስቲኩን በጥሰው ወደ ላይ መንጭቀው ቢያነሱ ያ ሁሉ ውሃ ስትጠብቋት የነበረችው ዲናሞ ውስጥ ይገባል። አስቀድመው ከላዩ በጨርቅ ያድርቁት፤ ከዚያ ወደ ውጭ አዘንብለው ያውጡት። ኮምፕሬሰር ካለ ግፊቱን ወደ 2 ባር ዝቅ አድርገው ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት ይንፉ፤ ከሌለ በጨርቅ ይጥረጉና ኮፈኑን ከፍተው ቢያንስ አንድ ሰዓት ለፀሐይ ይተዉት። ሶኬቶቹን ነቅሎ ማየት አይከፋም፤ ውስጣቸው ጠብታ ካለ ይንፉት፣ የጎማ ማተሚያቸው ከቦታው አለመውጣቱንም ያረጋግጡ።

ከማስነሳትዎ በፊት የቀረ ፌስታል፣ ጨርቅ ወይም ቡሩሽ እንዳለ ይቁጠሩ። ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ላይ የተጠመጠመ ፌስታል ሌላ ሥራ ይፈጥራል። ኔጋቲቩን ገጥመው ያስነሱና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከማኒፎልዱ ነጭ እንፋሎት ቢነሳ አይደንግጡ፤ የቀረው ውሃ ነው። እጅዎን ግን ከራዲያተሩ ቬንቲላተር ያርቁ፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ድንገት ሊዞር ይችላል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ሞተር የሚታጠበው ናፍጣና ቤንዚን ቀላቅሎ በኮምፕሬሰር በመርጨት ነው። ቅባቱን በደቂቃ ያወርደዋል። ይህ ምን ችግር አለው?
— የታክሲ ሹፌር

መልስ፦ ማውረዱን አንክድም። የምንከለክለው እሳት ስለሚያመጣ ነው፤ ነገሩም ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው።

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ ሲጋራ፣ ምድጃ ወይም የኮምፕሬሰር ማብሪያ ያገኛል። «ናፍጣ እኮ እንዲሁ አይነድም» የሚባለው በዕቃ ውስጥ ላለ ናፍጣ እውነት ነው፤ ትነቱ የሚቀጣጠለው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። በኮምፕሬሰር ሲረጭ ግን ወደ ጉም ይለወጣል። እንደ ጉም የተበተነ ናፍጣ ሳይሞቅም ይነዳል፤ የናፍጣ ሞተር ራሱ የሚሠራው ናፍጣን እንዲህ በትኖ ነው። በዚያ ላይ ናፍጣ ያለ ክብሪት በራሱ የሚቀጣጠልበት ሙቀት ከቤንዚን ይልቅ ዝቅ ያለ፣ ከ210 እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ነው። ዳገት ወጥቶ የቆመ መኪና ማኒፎልድ ከ300 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ብልጭታ ሳያስፈልግ እሳት የሚነሳው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የራዲያተር ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች)ና ብዙዎቹ ቺንጋዎች የሚሠሩበት ጎማ የነዳጅ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዛሬ የታጠበው ማኒኮቶ ከወራት በኋላ ሲያብጥና ሲፈስ ከናፍጣው ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። የናፍጣው ቅሪት ደግሞ አቧራ ስለሚይዝ ሞተሩ በፊት ከነበረው ፈጥኖ ይቆሽሻል።

የተፈታና ከመኪናው የወረደ የብረት ዕቃ በነጭ ጋዝ መንከር የተለመደ ነው፤ ክፍት ቦታ ላይ፣ እሳት በሌለበት፣ በቡሩሽ እንጂ በርጭት ካልሆነ የሚያስኬድ ነው። መኪና ላይ የታሰረ ሞተር ግን በነዳጅ አይታጠብም። የትኛውንም ማጠቢያ ቢጠቀሙ በአጠገብዎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑር። በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋ፤ እሳቱን ተሸክሞ ያሰራጨዋል።

ጥያቄ፦ ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ ማሽን አለኝ። ራቅ አድርጌ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ለጎማና ለሻሲ ያቆዩት። የሽቦ ሶኬት ጎማ የተሠራው ከመንገድ የሚረጭ ውሃ እንዲመልስ ነው እንጂ በግፊት የተወረወረ ውሃን አይደለም። ውሃው ማተሚያውን አልፎ ከገባ በኋላ ያው ማተሚያ እንዳይወጣ ይይዘዋል። የዚህ ሶኬት ፒን ከሳምንታት በኋላ ሲታይ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይገኛል፤ መኪናው እስከዚያ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባል በሽታ ይዞታል። የዲናሞና የቺንጋ መወጠሪያ ኩሽኔታዎችም ግሪሳቸው በግፊት ይታጠብና መጮህ ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ ላቫጆ አሳጥቤ ቤት ስደርስ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሦስት ሲሊንደር የሚሠራ ይመስላል። ቼክ ኢንጂን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሲደርቅ ይስተካከላል ብለውኛል።

መልስ፦ ሊስተካከል ይችላል፤ እየነዱ ግን አይጠብቁት። መብራቱ በርቶ ከቀረ አንድ ነገር ነው፣ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወጣ ነው ማለት ነው። ያ ቤንዚን ካታሊስቱ (በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ውስጥ ሄዶ ይነድና ያቀልጠዋል። ካታሊስት ከመኪናው ውድ ዕቃዎች አንዱ ስለሆነ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁ።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የካንዴላው ጉድጓድ ነው። በአሁኑ ሞተር ካንዴላዎቹ በቫልቭ ክዳኑ መሃል ጠልቀው ይቀመጣሉ፤ በያንዳንዳቸው ላይ ቦቢና አለ። ከላይ የፈሰሰ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ያቁርና ብልጭታው በካንዴላው ጫፍ ከመዝለል ይልቅ በውሃው በኩል ወደ ብረቱ ያመልጣል።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኔጋቲቩን ይፍቱ። የቦቢናውን ሶኬትና ብሎን ፈትተው ቀጥ አድርገው ያውጡት፤ ጉድጓዱን በባትሪ መብራት ይዩት። ውሃ ካለ ካንዴላውን *ሳይፈቱ* በኮምፕሬሰር ይንፉት ወይም በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ይምጠጡት። ካንዴላው ቀድሞ ከተፈታ ውሃውና አሸዋው ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባሉ። የቦቢናውን ጎማ ከውስጥም ከውጭም ያድርቁ። ጎማው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ወይም ጥቁር መስመር ካዩ ብልጭታ መንገድ አውጥቶበታል፤ ይህ በማድረቅ አይድንም፣ ጎማው ወይም ቦቢናው ይቀየራል። ጉድጓዱ ውስጥ ከውሃ ይልቅ ዘይት ካገኙ ደግሞ መታጠቡ አይደለም ጥፋቱ፦ የጉድጓዱ ማተሚያ ጎማ አርጅቷል፤ ከቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ጋር አብሮ ይለወጣል።

አሮጌ ሞተር ከሆነና ዲስትሪቢውተር ካለው ክዳኑን አንስተው ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የተሰነጠቀ ክዳን ውሃውን ስለሚይዝ ተመልሶ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የምድጃ ማጽጃ ተጠቅሜ ሞተሩ ላይ ያለው አሉሚኒየም ጠቁሮ ነጭ ዱቄት አወጣ። ምን ሆነ? በረኪና ቢያነጣውስ?

መልስ፦ በረኪናውን ያርቁ፤ ቅባት አይለቅም፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። ከአሲድ ማጽጃ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

የምድጃ ማጽጃ ብዙውን ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ አለበት። ኮስቲክ ሶዳ ብረትን እምብዛም አይነካም፤ አሉሚኒየምን ግን ሃይድሮጂን እያወጣ ያሟሟዋል። ያዩት ጥቁረትና ዱቄት የብረቱ ቆዳ ተበልቶ የቀረው ነው። አሁን የሚጠቅመው ብዙ ንጹህ ውሃ ባረጠበ ጨርቅ ደጋግሞ መጥረግ ነው፤ በተለይ በብሎን ሥርና በጓርኒሲዮን ጠርዝ የቀረ ነገር እየበላ ስለሚቀጥል። ገጽታው ብቻ ከተበላሸ ሞተሩ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። በለስላሳ የናይሎን መፈግፈጊያ ጥቂት ይመለሳል፤ እንደ አዲስ ግን አይሆንም። ለቸርኬ ተብሎ የሚሸጠው የአሲድ ማጽጃም እንዲሁ ከሞተር ይራቅ።

ጥያቄ፦ የናፍጣ መኪና በሚኒሞ እየሠራ ቢታጠብ ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል ይባላል። ካንዴላም ስለሌለው አያሰጋም አይደል?

መልስ፦ ያሰጋል። በመካኒካል ፖምፓ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ፖምፓው ሲግል ወይም እየሠራ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት የውስጡ ዕቃዎች ሊነክሱና ሊያዙ ይችላሉ። እነዚያ ዕቃዎች የሚገጣጠሙበት ክፍተት በዓይን የማይታይ ጠባብ ነው፤ ቤቱ ድንገት ቀዝቅዞ ሲኮማተር ውስጡ ገና ትኩስ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፣ ፖምፓው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይታጠብ። አዲሶቹ ናፍጣዎች ደግሞ ከቤንዚን ሞተር የማይተናነስ ሴንሰርና ሶኬት ስላላቸው ከላይ የተባለው መሸፈን ሁሉ ይሠራላቸዋል።

ጥያቄ፦ ባጠብኩ በሳምንቱ ተመልሶ በቅባት ተነከረ። ጎረቤቴ «ቆሻሻው ነበር ይዞት የነበረው፣ ማጠብህ ነው ያፈሰሰው» ይለኛል።
— ጡረተኛ አንባቢ

መልስ፦ ጎረቤትዎ ከእውነቱ ትንሽ ይዘዋል። የደነደነ ቅባት ጠብታውን ሊያዘገየው ይችላል፤ ማተሚያው ግን አስቀድሞ የሞተ ነው። እኛ እንዲያውም ሞተር ማጠብ የሚገባው ለውበት ሳይሆን ለዚህ ነው እንላለን፤ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ የሚታየው ንጹሕ ሞተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የታጠበው ሞተር እንዳይባክን በዚያው ሳምንት ምንጩን ይፈልጉ።

መጀመሪያ የፈሳሹን ዓይነት ይለዩ። ነጭ ካርቶን ሥሩ አንጥፈው ያሳድሩት። ቡናማ ወይም ጥቁርና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። ቀጠን ብሎ አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ያለውና ጣፋጭ የሚሸት የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ መርዝ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት እንዳይደርሱበት ያጥቡት። ቢጫ አዘል ሆኖ ቀለም የሚልጥ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ መኪናው ሳይጠገን አይነዳ። ቤንዚን ከሸተተዎት ጭራሽ አያስነሱት።

የሞተር ዘይት ከሆነ ደግሞ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ያታልላል። ዘይት በክብደቱ ወደ ታች፣ በሚነፍሰው አየር ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኮፓው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ጠብታ የመጣው ከቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳያዩ ኮፓ አውርዶ ጓርኒሲዮን መቀየር የተለመደ ኪሳራ ነው። የሚፈለገው *ከፍተኛው* እርጥብ ነጥብ ነው።

ሞተሩ ፍጹም ሲደርቅ የሕፃናት ታልክ ፓውደር በደረቅ ቡሩሽ አንስተው በሚጠረጥሩት ጠርዝ ሁሉ ስስ አድርገው ያልብሱት። ቺንጋው ላይና አየር መሳቢያው አጠገብ ግን አይሁን። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነድተው በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያያሉ፤ መስመሩን ወደ ላይ ይከተሉት፣ የሚጀምርበት ላይ ያቁሙ። በብዛት የሚገኙት ምንጮች የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የዘይት መሙያ ክዳን ጎማ፣ የዘይት ግፊት ሴንሰር፣ የዘይት ፊልትሮ ጎማና የፊት ኦይል ሲል (በሚዞረው ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚይዝ ክብ ማተሚያ) ናቸው። ዘይት ከተቀየረ ወዲህ ከጀመረ ከፊልትሮው ይጀምሩ፦ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ያፈሳል፤ ድንገት ተፈንቅሎ ዘይቱን በሙሉ ሊያወርደውም ይችላል። ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ የኋላ ኦይል ሲልን ይጠርጥሩ፤ እሱ ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል።

ጓርኒሲዮን ከመግዛትዎ በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ይመርምሩ። በፒስተኖቹ ጎን የሚያመልጠው ጋዝ የሚወጣው በቫልቭ ክዳኑ ላይ ባለች ፒሲቪ በምትባል ቫልቭና በቱቦዋ ነው። እሷ በቅባት ከተደፈነች ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ደካማ የሆነውን ማተሚያ ይፈልጋል፤ አንዱን ቢቀይሩት በሌላው ይወጣል። የምትነቀል ዓይነት ከሆነች ነቅለው ያንቀጭሏት፤ ካልተንቀጫቀጨች ተጣብቃለች። ቱቦዋንም ነፍተው ማለፉን ያረጋግጡ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ መሞላቱም መፍሰስ ያባብሳል።

የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ሲቀየር ብሎኖቹን «አጥብቄ ልሰር» አይበሉ። ትንንሾቹ ብሎኖች ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ብቻ ይፈልጋሉ፤ ይህ በአጭር እጀታ፣ በእጅ አንጓ ኃይል የሚታሰር ነው። ትክክለኛው ልክ በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ከመሃል ጀምረው ወደ ጫፎቹ በመስቀለኛ ይሰሩ። የበዛ ጥብቀት ጎማውን ከቦታው ያስወጣዋል፣ ቀጭኑን ክዳን ያጎብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮንም አይይዘው። ዘይቱ ማኒፎልድ ላይ የሚንጠባጠብና የሚጨስ ከሆነ ግን ለሌላ ቀን የሚተው ሥራ አይደለም፤ እሳት ነው።

ጥያቄ፦ ከታጠበ ወዲህ ቺንጋው ይጮኻል።

መልስ፦ ሳሙና ወይም ዲግሪዘር ቀርቶበታል። ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውንና ፑሌዎቹን በንጹህ ውሃ ባረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ያድርቁ። ግሪስ፣ ሲሊኮን ወይም ማንጸባረቂያ ስፕሬይ አይርጩበት፤ ጩኸቱን ለአንድ ቀን ደብቆ መንሸራተት ያመጣል። ዘይት የጠጣና ጠርዙ ያበጠ ቺንጋ ግን አይታጠብም፤ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ሃይብሪድ መኪናስ?

መልስ፦ ኮፈን ሥር ብርቱካንማ ወፍራም ኬብል ካዩ ውሃም ዲግሪዘርም ይቅር። የዚያ ኬብል ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 በላይ ይሆናል፤ ይገድላል። ተራውን ባትሪ መፍታትም ለዚህ ማረጋገጫ አይሆንም። በፕላስቲክ ክዳኖቹ ላይ ያለውን አቧራ እርጥበት ባለው ጨርቅ መጥረግ ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈው ሥልጠናው ላለው ባለሙያ ይተው።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ የወረደውን ቅባትና የታጠበበትን ውሃ የት ልድፋው?

መልስ፦ ፍቀው ያወረዱትን ወፍራም ቅባት ከነካርቶኑ ጠቅልለው ያገለገለ ዘይት ወደሚሰበስብ ጋራዥ ይውሰዱት። የታጠበበትን ውሃ በትሪ ከተቀበሉ በባልዲ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ነጻው ዘይት ላይ ይንሳፈፋል፣ በጨርቅ ወይም በሰጋቱራ ይነሳል። የቀረው ግን ዲግሪዘሩ በትንንሹ የበታተነው ዘይት ስላለበት ንጹህ አይደለም፤ እሱም በጄሪካን ተይዞ ከዘይቱ ጋር ይሂድ እንጂ ወደ ጎርፍ መውረጃ፣ ወደ ጉድጓድ ውሃ አካባቢ ወይም ወደ ጓሮ አትክልት አይደፋ። መሬት ላይ የፈሰሰውን ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ አልብሰው ከሰዓታት በኋላ ይጥረጉ። በነዳጅ የራሰ ጨርቅ ካለ አጨማድደው ጥግ አይወርውሩት፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁትና ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ያስቀምጡት።